የውሃ ኃይል ማመንጫ ፈቃድ ክፍያ፤ ምንነቱ፣ ስሌቱና ድርሻው

ለውሃ ኃይል ማመንጫ የሚሰጥ ፈቃድ ከሌሎች የሥራ ፈቃዶች በአንድ ዐቢይ ጉዳይ ይለያል። ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ ፈቃድ መሰጠቱ ሌላ ባለሀብት ተመሳሳይ ፋብሪካ እንዳይከፍት አያግድም። አንድ ወንዝ ግን በአንድ ቦታ የሚገደበው አንድ ጊዜ ነው። ፈቃዱን ያገኘ አካል ያንን የወንዝ ክፍል ለአሥርት ዓመታት ይይዛል። በእነዚያ ዓመታት ሌላ አልሚ በዚያው ቦታ ሊገነባ አይችልም፤ የተፋሰሱ ነዋሪዎች የመሬትና የውሃ አጠቃቀምም በዚያው ውሳኔ ይወሰናል።

በመሆኑም ከፈቃዱ ጋር የሚጠየቀው ክፍያ ለማመልከቻና ለማኅተም ከሚከፈለው ገንዘብ የሰፋ ትርጉም አለው። ክፍያው ከሚገባው በላይ ሲያንስ ሕዝብ በጋራ ሀብቱ ተጠቃሚ ሳይሆን ይቀራል። ከሚገባው በላይ ሲበዛ ደግሞ አልሚው ይሸሻል፤ ወይም ወጪውን በኤሌክትሪክ ዋጋ ላይ ጨምሮ ወደ ተጠቃሚው ያስተላልፈዋል። በሀገራችን የማመንጨት ሥራ ለግል ባለሀብት ክፍት በመሆኑ፣ እንዲሁም የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ በኋላ የውሃ ኃይል ፕሮጀክቶች በዚሁ ሥርዓት እንዲለሙ በመታሰቡ፣ ጉዳዩ በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችንና ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከት ሆኗል።

ሦስት ዓይነት ክፍያዎች

በተለምዶ “የፈቃድ ክፍያ” በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ክፍያዎች በዓላማቸው ቢያንስ በሦስት የሚከፈሉ ናቸው።

የመጀመሪያው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ማመልከቻ ለመመርመር፣ ፈቃድ ለመስጠት፣ ለማደስና ለመቆጣጠር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን ወጪ ለመሸፈን የታሰበ ሲሆን፣ መጠኑም ከዚያው ወጪ ጋር የተመጣጠነ መሆን ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ለሀብቱ አጠቃቀም የሚከፈል ነው። የዚህ ክፍያ መነሻ የመሥሪያ ቤቱ ወጪ ሳይሆን የውሃው ዋጋ ነው። በማዕድን ዘርፍ “ሮያሊቲ” በመባል የሚታወቀው ክፍያ አቻ ሲሆን፣ የሚከፈለውም ሀብቱ የሕዝብ በመሆኑ ነው።

ሦስተኛው የግንባታ ቦታውን ይዞ ለመቆየት የሚከፈል ነው። አንድ አልሚ የአዋጭነት ጥናት ለማካሄድ ፈቃድ ወስዶ ግንባታ ሳይጀምር በሚቆይባቸው ዓመታት ቦታው ለሌላ አይሰጥም። ክፍያው ወይም የሚያዘው የዋስትና ገንዘብ ባለፈቃዱ ሥራውን እንዲያፋጥን የሚያስገድድ መሣሪያ ነው።

ሦስቱን ክፍያዎች አለመለየት በተግባር ስህተት ያስከትላል። የአገልግሎት ክፍያን የገቢ ምንጭ ለማድረግ ሲሞከር አነስተኛ አልሚዎች ገና ከመነሻው ይገፋሉ። የሀብት አጠቃቀም ክፍያ እንደ አገልግሎት ክፍያ ሲታይ ደግሞ ለዓመታት ሳይከለስ በዝቅተኛ መጠን ይቆያል።

የሀገራችን የሕግ ማዕቀፍ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። በአንቀጽ 51 ደግሞ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጥቷል። ዋና ዋናዎቹ የኃይል ማመንጫ ወንዞች በዚህ ድንጋጌ ሥር የሚወድቁ ናቸው።

የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድን በተመለከተ የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲን በማቋቋም የማመንጨት፣ የማስተላለፍ፣ የማከፋፈልና የመሸጥ ሥራ በፈቃድ እንዲካሄድ አድርጓል። ዝርዝር አፈጻጸሙም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 49/1991 ተደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲተካ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ባለሥልጣን የተቆጣጣሪነቱን ኃላፊነት ተረክቧል። አዋጁ በ2010 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1085 ተሻሽሏል። በ2014 ዓ.ም ከተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት በኋላ ደግሞ ኃላፊነቱ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተሸጋግሯል።

ይሁንና የኤሌክትሪክ ፈቃድ ብቻውን ውሃ ለመጠቀም መብት አይሰጥም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እና የማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 115/1997 የውሃ አጠቃቀም በፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋሉ። አዋጁ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያደርጋል። በእጅ የሚቆፈሩ ጉድጓዶችን፣ ባህላዊ መስኖንና የውሃ ወፍጮን የመሳሰሉ አጠቃቀሞችን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ለያዝነው ርዕስ ጠቃሚ የሆነው፣ አዋጁ መሥሪያ ቤቱ ለሚሰጠው አገልግሎት የሚከፈለውን ክፍያ ስለ ውሃው አጠቃቀም ከሚከፈለው ክፍያ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ልዩነት በመሠረቱ በሕጋችን ውስጥ የሚገኝ ነው ማለት ይቻላል።

ስለሆነም አንድ የውሃ ኃይል አልሚ ቢያንስ ሁለት በሮችን ማንኳኳት ይኖርበታል፤ አንዱ የኃይል ተቆጣጣሪው፣ ሌላው የውሃ ሀብቱን የሚያስተዳድረው አካል ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 294/1995 ወይም 299/1995 የሚባል የቁጥር መምታታት በደብዳቤዎች ላይ እንዳይፈጠር፣ ግምገማውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሆኑን ማስታወስም ያስፈልጋል። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ተናበው ካልሠሩ አልሚው ለአንድ ዓይነት ምርመራ ሁለት ጊዜ ሊከፍል፣ ወይም ለሀብቱ አጠቃቀም ለማንም ሳይከፍል ሊቀር ይችላል።

ክፍያው እንዴት ይሰላል?

የሀብት አጠቃቀም ክፍያ በሦስት መሠረቶች ሊሰላ ይችላል። እነዚህም የወንዙ የተፈጥሮ ኃይል፣ የማመንጫው የተተከለ አቅምና በተጨባጭ የመነጨው የኤሌክትሪክ መጠን ናቸው።

በመጀመሪያው ስሌት የምትታወቀው ስዊዘርላንድ ነች። እ.ኤ.አ በ1916 በወጣው የውሃ ኃይል አጠቃቀም ሕግ መሠረት አልሚዎች “የውሃ ኪራይ” ሊባል የሚችል ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላሉ። የፌዴራሉ ሕግ የሚወስነው ጣሪያውን ሲሆን፣ መጠኑ እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ ለአንድ ኪሎዋት 110 የስዊዝ ፍራንክ ነው፤ ይኸው ጣሪያ እስከ 2030 መጨረሻ እንዲቀጥል ተወስኗል። የሚለካው ከውሃው አማካይ ፍሰትና ከመውደቂያው ከፍታ የሚገኘው ኃይል ነው። ለምሳሌ በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ ውሃ ከ200 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ከሆነ የውሃው ኃይል 9 ሺህ 810 ኪሎዋት ይሆናል። በጣሪያው መጠን ሲሰላም ዓመታዊው ክፍያ 1 ሚሊዮን 79 ሺህ 100 ፍራንክ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ዋጋ ቢወድቅም ቢጨምርም ክፍያው አይለወጥም። አቅማቸው እስከ 1 ሜጋዋት የሆኑ ማመንጫዎች ከክፍያው ነፃ ናቸው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስሌት አጣምራ የምትሠራው ኔፓል ናት። እ.ኤ.አ በ1992 የወጣው የኔፓል የኤሌክትሪክ ሕግ፣ ማመንጫው ለገበያ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ለእያንዳንዱ የተተከለ ኪሎዋት በዓመት 100 የኔፓል ሩፒ፣ እንዲሁም ከአማካይ የመሸጫ ዋጋ 2 በመቶ እንዲከፈል ይደነግጋል። ከ15 ዓመታት በኋላ ክፍያው ወደ 1 ሺህ ሩፒና ወደ 10 በመቶ ያድጋል። የፈቃድ ዘመኑ ከ50 ዓመታት አይበልጥም።

የዚህን ትርጉም በምሳሌ ማየት ይቻላል። 10 ሜጋዋት የተተከለ አቅም ያለው ማመንጫ በአቅሙ 60 በመቶ ዓመቱን ቢሠራ 52 ሚሊዮን 560 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 5 ሩፒ ነው ብንል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአቅሙ 1 ሚሊዮን፣ ከሽያጩ 5 ሚሊዮን 256 ሺህ፣ በድምሩ 6 ሚሊዮን 256 ሺህ ሩፒ ይከፈላል። ከ15 ዓመታት በኋላ ግን ከአቅሙ 10 ሚሊዮን፣ ከሽያጩ 26 ሚሊዮን 280 ሺህ፣ በድምሩ 36 ሚሊዮን 280 ሺህ ሩፒ ይሆናል። የአከፋፈሉ ምክንያት ግልጽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልሚው የባንክ ብድር የሚመልስበት ጊዜ በመሆኑ ክፍያው ዝቅ ይላል፤ ብድሩ ሲቃለል ደግሞ የሕዝቡ ድርሻ ከፍ ይላል።

በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ የሚጠየቀው ዓመታዊ ክፍያ ዋና ዓላማ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ በ1920 በወጣው የፌዴራል የኃይል ሕግ መሠረት ፈቃድ ሰጪው ኮሚሽን የአስተዳደር ወጪውን ከባለፈቃዶች ይሰበስባል። የግል ባለፈቃዶች ድርሻ በተተከለ አቅምና በዓመታዊ ምርት ይሰላል። የመንግሥት መሬት ለሚይዙ ፕሮጀክቶች ስለ መሬቱ የተለየ ክፍያ ይጠየቃል። እስከ 1.5 ሜጋዋት የሚደርሱ ማመንጫዎች ዓመታዊውን የአስተዳደር ክፍያ አይከፍሉም።

ዝናብ ሲያጥር

የስሌቱ ምርጫ የሒሳብ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ግን ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ምርቱ በ40 በመቶ ቢቀንስ፣ ከ15ኛው ዓመት በኋላ ከሽያጭ የሚገኘው ክፍያ ከ26 ሚሊዮን 280 ሺህ ወደ 15 ሚሊዮን 768 ሺህ ሩፒ ያሽቆለቁላል። በአቅም ላይ የተመሠረተው 10 ሚሊዮን ሩፒ ግን ባለበት ይቆያል። በአቅም የሚሰላ ክፍያ ለመንግሥት በጀት እርግጠኛ ገቢ ሲሆን፣ አልሚውን ግን ገቢው በቀነሰበት ዓመት ይጫነዋል። በምርት የሚሰላው ደግሞ ስጋቱን በከፊል ወደ መንግሥት ካዝና ያዛውራል።

ይህ ለሀገራችን ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የውሃ መጠን በመቀነሱ በመላ ሀገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ እንዲሰራጭ መደረጉ ይታወሳል። 1 ሺህ 870 ሜጋዋት የተተከለ አቅም ያለው ማመንጫ ውሃ ሲያጥረው ያን አቅሙን ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ክፍያ የሚወስን ባለሙያ የማሽኑን አቅም ብቻ ሳይሆን የወንዙን የብዙ ዓመታት የፍሰት መረጃ ማየት ይኖርበታል።

ፈቃድ ይዞ መቀመጥ

ኔፓል ሌላም ትምህርት ትሰጣለች። የጥናት ፈቃድ በአነስተኛ ክፍያ ይገኝ በነበረበት ጊዜ በርካታ ሰዎች የመገንባት አቅም ሳይኖራቸው ፈቃድ እየወሰዱ ገዢ ይጠባበቁ ነበር። በዚያች ሀገር “ወንዝ በከረጢት” የሚል ትርጉም ያለው አባባል የተለመደውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ወንዙ መፍሰሱን ቀጥሏል፤ በወረቀት ላይ ግን በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ተይዟል። ሕዝቡም ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ መንግሥትም ሮያሊቲ አልሰበሰበም።

የችግሩ መፍትሔ ክፍያ መጨመር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ የጥናት ፈቃድ ለባለቤቱ ቅድሚያ ከመስጠት በስተቀር ግንባታ ለመጀመር አያስችልም፤ ዘመኑም በአራት ዓመታት ተወስኖ በሕጉ መሠረት ብቻ ይራዘማል። ዋናውን ፈቃድ ያገኘ ደግሞ፣ ማራዘሚያ ካልተፈቀደለት በስተቀር፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግንባታ መጀመር አለበት። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ክፍያ ውጤት የሚኖረው ከጊዜ ገደብና ፈቃድ ከመሰረዝ ሥልጣን ጋር ሲጣመር መሆኑን ነው።

ገንዘቡ የት ይደርሳል?

የክፍያ ሥርዓት ተቀባይነት የሚያገኘው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በድርሻው ጭምር ነው። ግድብ የሚሠራበት አካባቢ ነዋሪ መሬቱን ይለቃል፣ መንገዱ ይለወጣል፣ የግጦሽ ቦታው በውሃ ይሸፈናል። ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ወደ ሩቅ ከተሞችና ፋብሪካዎች ይሄዳል።

ሀገሮች ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። በኔፓል እ.ኤ.አ በ2017 በወጣው የመንግሥታት የፋይናንስ ግንኙነት ሕግ መሠረት ከሮያሊቲው 50 በመቶው ለፌዴራሉ መንግሥት፣ 25 በመቶው ለክፍለ ሀገራት፣ ቀሪው 25 በመቶ ለአካባቢ አስተዳደሮች ይደርሳል። በስዊዘርላንድ የውሃ ኪራዩ ገቢ የካንቶኖችና እንደየካንቶኑ ሕግ የማዘጋጃ ቤቶች ነው። በኖርዌይ ባለፈቃዶች ለመንግሥትና ለአካባቢ ማዘጋጃ ቤቶች ዓመታዊ ክፍያ ይፈጽማሉ፤ የማዘጋጃ ቤቶቹ ድርሻ ለአካባቢው የሥራ ልማት በሚውል ፈንድ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ ከሚመነጨው ኃይል እስከ 10 በመቶ የሚደርሰውን በዝቅተኛ ዋጋ ለአካባቢው አስተዳደር ያቀርባሉ። በህንድ የማመንጫው ባለቤት ከኃይሉ 12 በመቶውን ግድቡ ለሚገኝበት ክልል በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ በ2008 የወጣው ፖሊሲ በዚህ ላይ ለአካባቢ ልማት ፈንድ የሚውል 1 በመቶ ጨምሯል።

በሀገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 96 እና 97 የፌዴራልና የክልል አካላት ከሚሰጧቸው ፈቃዶችና አገልግሎቶች የሚገኘውን ክፍያ እያንዳንዳቸው እንዲሰበስቡ ይደነግጋሉ። አንቀጽ 98 ከከፍተኛ የማዕድን ሥራዎችና ከነዳጅ የሚገኝ ሮያሊቲን የጋራ ያደርጋል። ከውሃ ኃይል የሚገኝ ሮያሊቲ ግን በዝርዝሩ ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ተለይተው ያልተሰጡ የግብርና የታክስ ሥልጣኖችን በተመለከተ አንቀጽ 99 የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ ያደርጋል። ከዚህ የተነሳ አንድን ክፍያ “የአገልግሎት ክፍያ” ወይም “ሮያሊቲ” ብሎ መሰየም የቃላት ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ ገቢው የማን እንደሆነ ወደሚወስነው ጥያቄ በቀጥታ ያመራል።

መንግሥት ራሱ አልሚ ሲሆን

ከቆቃ አንስቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም እስከተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ድረስ የሀገራችን ታላላቅ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች የተገነቡት በመንግሥት ነው። “መንግሥት ለራሱ ለምን ይከፍላል? ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ከመግባት በስተቀር ምን ይለወጣል?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ሁለት ምላሽ አለው። አንደኛ፣ የመንግሥት የልማት ድርጅት የውሃውን ዋጋ በሒሳቡ ካላሳየ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከእውነተኛ ወጪው በታች የረከሰ ይመስላል፤ ከሚከፍለው የግል አልሚ ጋር ሲወዳደርም ንጽጽሩ ይዛባል። ሁለተኛ፣ ኪሶቹ የአንድ አካል ላይሆኑ ይችላሉ። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ንብረት የሆነው የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ገቢው 5 በመቶውን በግብር ፈንታ ለክልሎችና ለአካባቢ አስተዳደሮች እንዲከፍል በሕግ ተወስኗል። ከፋዩ የፌዴራል፣ ተቀባዩ የአካባቢ ነው።

በሌላ በኩል ማናቸውም ክፍያ በመጨረሻ በታሪፍ ላይ ማረፉ አይቀርም። በመስከረም 2017 ዓ.ም ተግባራዊ መሆን የጀመረው ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም የታሪፍ ማሻሻያ እንደሚያሳየው፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ወጪ የሚነካ ነው። የሀብት አጠቃቀም ክፍያ ሲወሰን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ላይ የሚጨምረው ሳንቲም አስቀድሞ ተሰልቶ መታወቅ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ መገንዘብ የሚቻለው አንድ ፋይል በጠረጴዛው ላይ የቀረበለት ኃላፊ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ነጥቦች መኖራቸውን ነው። የተጠየቀው ክፍያ ለአገልግሎት ነው ወይስ ለሀብቱ? በአቅም ይሰላል ወይስ በምርት? ውሃ ባነሰበት ዓመት ጉድለቱን የሚሸፍነው ማን ነው? ባለፈቃዱ ግንባታ የሚጀምረው መቼ ነው፣ ካልጀመረስ ምን ይከተላል? ከሚሰበሰበው ገንዘብ መሬቱን ለለቀቀው ነዋሪ የሚደርሰው ስንት ነው? ፈቃዱ አንዴ ከተሰጠ የሚፀናው ፈራሚው ኃላፊ በሥራ ላይ ከሚቆይበት ዘመን እጅግ ለረዘመ ጊዜ በመሆኑ፣ በውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ምላሽ ከዓመታት በኋላ ለማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።